ሱዋሬዝን ለምን ሸኙት?

በብርዱ ወራት ቤዝቦል የለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ሜዳው ይዘጋል፣ ተጫዋቹም ወደየቤቱ ይገባል፣ ልክ ነው። የደጋፊ አንጀት የሚቃጠለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ጨዋታ ላይ ሲሸነፉ ቢያንስ እያየህ ነው። በብርዱ ወራት ግን ሥራህ ላይ ተቀምጠህ፣ ምንም ሳታስብ ስልክህ አንዴ ጢው ይላል። በቃ፣ የምትወደው ተጫዋች ለሌላ ቡድን ተሰጥቷል። እኔ በኤውሄኒዮ ሱዋሬዝ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

የሲያትል ማሪነርስ ደጋፊ ነኝ። በ1977 የተመሠረተ ቡድን ነው። እስከ ዛሬ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዋንጫው ፍጻሜ፣ ያልደረሰ ብቸኛው የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) ቡድንም ነው። ሌሎቹ 29ኙ ቢያንስ አንዴ ደርሰዋል። እኛ አንድም ቀን። ሐበሻ ወዳጆቼ አርሰናል ናቸው፣ ማንቸስተር ናቸው፤ እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። "ይሄ ዱላ ይዞ መቆም ምኑ ነው የሚጥምህ?" ይሉኛል።

ያስለመደኝ ሬዲዮ ነው። ታክሲ እነዳለሁ፣ ዋና ቦታዬ ሲያትል ታኮማ ኤርፖርት ነው። ቤዝቦል ለሬዲዮ የተፈጠረ ጨዋታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከተሳፋሪ ጋር እያወራህ አንድ ኢኒንግ፣ ማለትም ከዘጠኙ ዙር አንዱ፣ ቢያመልጥህ ምንም አትጎዳም፤ ተመልሰህ ትገባለህ። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ከፈትኩት። ከዚያ ሰዎቹን ለየሁ። ከዚያ መናደድ ጀመርኩ። መናደድ ከጀመርክ ደጋፊ ሆነሃል ማለት ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ልውውጥ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 2023፣ ረቡዕ፣ የምስጋና ቀን ዋዜማ። ኤርፖርቱ ሰው በሰው ላይ ነው። ለእኛ ለነጂዎች ከዚያ የተሻለ ገበያ የለም፣ ከዚያ የባሰ መንገድም የለም። የታክሲ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ሆኜ ዜናውን አነበብኩ። ማሪነርስ ኤውሄኒዮ ሱዋሬዝን ለአሪዞና ዳይመንድባክስ ሰጠ። በምትኩ ካርሎስ ቫርጋስ የሚባል ወጣት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እና ሴቢ ዛቫላ የሚባል ተጠባባቂ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚቀበል) ተቀበለ። ዜናው ይኸው ነው። ሁለት መስመር።

በእግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩን ትንሽ ላብራራ። እግር ኳስ ላይ ክለብ ተጫዋች ይሸጣል፤ ገንዘብ ይቀበላል፤ ተጫዋቹም ካልፈለገ አልሄድም ይላል። ቤዝቦል ላይ ሰው በሰው ይለወጣል። የተጫዋቹ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ውሉ እንዳለ፣ ደመወዙም እንዳለ፣ ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። እምቢ የማለት መብት ያለው ውሉ ላይ ያስጻፈ ነው፤ ወይም ሊጉ ውስጥ 10 ዓመት ቆይቶ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ። ሱዋሬዝ ሲያትል የቆየው ሁለት ሲዝን ብቻ ነበር። ስለዚህ ማንም አልጠየቀውም።

ሰውየው የቬኔዙዌላ ልጅ ነው። ፀጉሩን ወርቃማ ቀለም ይቀባል፣ ሁሌ ይስቃል። ተርድ ቤዝ ላይ፣ ሯጮች ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ሦስተኛው ላይ፣ ነው የሚጫወተው። ወደ እኛ አመጣጡም ያስቃል። ማርች 2022 ላይ ማሪነርስ ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ተደራደረ። ሲያትል የፈለገው ጄሲ ዊንከርን ነበር። ሬድስ ደግሞ ወጪ መቀነስ ይፈልግ ስለነበር "ዊንከርን ከወሰዳችሁ የሱዋሬዝንም ደመወዝ ተሸከሙልን" አለ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ነገሩ ይኸው ነው። ሱዋሬዝ በ2021 ከ.200 በታች ነው የመታው፤ ከአሥር ሙከራ ሁለቱ እንኳ አልተሳኩለትም ማለት ነው። ሁሉም "ያለቀለት ሰው" ብሎ ነበር የተቀበለው። ዊንከር ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ምራቂው ሰውዬ 31 ሆምረን መታ፤ ሆምረን ማለት ኳሱን ከሜዳው አጥር ማሻገር ነው።

አንዱን ሆምረን መቼም አልረሳውም። እሑድ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ነው፤ በእኛ መስከረም 1 ቀን 2015፣ እንቁጣጣሽ። አክስቴ ቤት ሬኒየር ቫሊ ተሰብስበናል። ዶሮው ወጥቷል፣ ልጆቹ አበባ አየሽ ወይ ብለው ጨርሰዋል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ስልኬን እያየሁ ነው። ማሪነርስ በአትላንታ ብሬቭስ ላይ 6 ለ 2 እየመራ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ደርሷል። የመጨረሻው ነው፤ አለቀ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። ትንሽ ቆይቼ ሳየው አትላንታ አምስት አግብቶ 7 ለ 6 እየመራ ነው። "ኧረ በዓመት በዓሉ!" ብዬ ጮህኩ። አክስቴ የሆነ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች።

ከዚያ ማሪነርስ ተራው ሲደርስ ኬንሊ ጃንሰን ሊዘጋው ወጣ። ጨዋታ በመዝጋት የሚታወቅ ትልቅ ፒቸር ነው። ሁሊዮ ሮድሪጌዝ ሆምረን መትቶ አቻ አደረገ። ከዚያ ሱዋሬዝ መታ፤ አለቀ፤ 8 ለ 7። ልጄ ከእኔ በላይ ጮኸች። ከዚያ ቀን በኋላ 28 ቁጥር ሸሚዝ ካልገዛህልኝ አለች። ገዛሁላት። ሶፍትቦል ትጫወታለችና እሷም ተርድ ቤዝ ካልሆንኩ ማለት ጀመረች።

በዚያ ዓመት ማሪነርስ ከ21 ዓመት በኋላ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ገባ። ከ2001 ጀምሮ አልገባንም ነበር። በእርግጥ ሂውስተን በጊዜ ሸኘን። ሦስተኛው ጨዋታ ሲያትል ላይ 18 ኢኒንግ ሄዶ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከስድስት ሰዓት በላይ ለአንድ ነጥብ። እሱን ሌላ ቀን።

እንግዲህ ሱዋሬዝን ለምን ሸኙት?

የተሰጠው ምክንያት ስትራይክአውት ነው፤ መቺው ኳሱን ሳያገኝ ተራው ማለቁ። በ2023 ሱዋሬዝ 214 ጊዜ እንዲህ ሆኖ ከሜዳ ተመልሷል፤ በአሜሪካን ሊግ፣ እኛ ባለንበት የሜጀር ሊግ ግማሽ፣ የሚበልጠው አልነበረም። ቴኦስካር ሄርናንዴዝ የሚባለው ሌላው መቺያችን ደግሞ 211 ጊዜ። ሁለቱ አንድ ቡድን ውስጥ ናቸው። የዓይን ስቃይ ነበር፣ አልክድም። ሦስት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ ሜዳው ሁሉ ተነሥቶ፣ ሰውየው አየሩን መትቶ ይመለሳል፤ እየሳቀ። ወረፋ መጠበቂያው ላይ አንድ ሽማግሌ ጓደኛ አለኝ፤ ከእኔ በፊት ማሪነርስን የለመዱ ናቸው። እሳቸው በሱዋሬዝ ጉዳይ ምሕረት የላቸውም። "ይሄ ሳቂታህ በልቶናል" ይሉኛል። "ጋሼ፣ በመምታቱ 96 ነጥብ አስገኝቷል እኮ" እላቸዋለሁ። "ያላስገኘውን ማን ቆጠረው?" ይላሉ።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ሱዋሬዝ በ2023 ቡድኑ የተጫወታቸውን 162ቱንም ጨዋታዎች ተጫውቷል። አንድ ቀን አላረፈም። ተርድ ቤዝ ላይ ጥሩ ተከላካይ ነበር። 22 ሆምረን መትቷል። ለ2024 የሚከፈለው ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በቤዝቦል ገበያ ለእንዲህ ያለ ሰው ውድ አይደለም፤ እንዲያውም ደህና ዋጋ ነው። እሱን ሰጥተው የተቀበሉት ደግሞ ትልቅ ሊግ ላይ እምብዛም ያልታየ ፒቸርና ተጠባባቂ ካቸር ነው። ስትራይክአውት የሚቀንስ መቺ አላመጡበትም። ይሄን ስታይ ጉዳዩ ዱላው እንዳልሆነ ይገባሃል። ጉዳዩ 11 ሚሊዮኑ ነው። ገንዘቡን ከመዝገብ ለማውጣት ሰውየውን አወጡት።

የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። "ገንዘብ አጥሮናል" ቢሉን እንቀበላለን። እኛ ታክሲ ነጂዎች ነን፤ ገንዘብ ማጠር ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረንም። የቡድኑ ጨዋታ የሚታይበት ቻናል በዚያው ሰሞን ወደ ውዱ የኬብል ፓኬጅ ተዛውሮ ነበር፤ ገቢያቸው ላይ ችግር እንደመጣባቸው ይታወቃል። ግን ደጋፊን ቁጭ አድርጎ "ይሄ የቤዝቦል ጥበብ ነው" ማለት ሌላ ነው።

ያ መከር መጥፎ መከር ነበር። በ2023 ማሪነርስ 88 አሸንፎ በአንድ ጨዋታ ከፕሌይኦፍ ቀረ። አንድ! ሲዝኑ እንዳለቀ የቡድኑ ዋና ሰው ጄሪ ዲፖቶ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ስለ 54 በመቶ አወራ። በአስር ዓመት ውስጥ 54 በመቶውን ጨዋታ ካሸነፍክ ወርልድ ሲሪስ ትደርሳለህ ዓይነት ነገር ነው። ደጋፊው እንዲታገስ መጠየቃችን ለራሱ ለደጋፊው ውለታ ነው የሚል መልእክትም ነበረበት። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። 54 የሚለው ቁጥር ግን ከሲያትል አልወጣም። ከ1977 ጀምሮ እየከፈልን ዕጣው አንድም ቀን ያልወጣልን ዕቁብተኞች ነን እኮ፤ ዳኛው ተነሥቶ "መክፈላችሁ ራሱ ለእናንተ ጥቅም ነው" ሲል እንዴት ዝም ይባላል?

ከዚያ ንግግር በኋላ ነው የሱዋሬዝ ዜና የመጣው። ቴኦስካርንም በነፃ ለቀቁት። እሱ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ገብቶ በ2024 33 ሆምረን መታ፤ የወርልድ ሲሪስ ቀለበትም አደረገ። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ ደሜ ይፈላል።

ከአሪዞና ጋር ደግሞ የቆየ ነገር አለብን። በ2016 እንዲሁ በምስጋና ቀን ዋዜማ፣ ማሪነርስ ለአሪዞና ታይዋን ዎከርንና ኬቴል ማርቴን ሰጥቶ ዣን ሴጉራንና ሚች ሃኒገርን ተቀበለ። ሃኒገርን ወደድነው፤ መጥፎ ልውውጥ ነው አልልም። ማርቴ ግን እዚያ ሄዶ ኮከብ ሆነ። በ2023 አሪዞናን ወርልድ ሲሪስ ካደረሱት ሰዎች ዋናው እሱ ነው። እንግዲህ ወርልድ ሲሪስ ደርሶ የተሸነፈ ቡድን፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው በዋዜማው ቀን ሌላ ሰው ከእኛ ወሰደ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጋሼ ፔርሙሳቸውን ከፍተው ቡና እየቀዱልኝ "በል አንተ፣ ቅበላህን በዚህ አታበላሽ" አሉኝ። ልጄ ማታ ቤት ስገባ ሸሚዙን እንደለበሰች ነበር። "አባዬ፣ እሱ ምን አጠፋ?" አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ስለ ደመወዝ በጀትና ስለ ኬብል ቻናል ለልጅ ምን ብለህ ታስረዳለህ?

አሁን 2024ን እንይ። መጀመሪያ የተባለውን እንውሰድ፤ ስትራይክአውት እንቀንሳለን ነው የተባለው። ሱዋሬዝ የለም። ቴኦስካር የለም። ያ ቡድን በ2024 1,625 ጊዜ ስትራይክአውት ሆነ። ከሁሉም የሜጀር ሊግ ቡድን በላይ። ሁለቱ ከነበሩበት ዓመት እንኳ የበለጠ። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ዝም ብለው ቡናቸውን ጠጡ። ከዝምታቸው የበለጠ ድል አልነበረኝም።

ፒቸሮቻችን ደግሞ በዚያ ዓመት የሚያስቀና ነበሩ። ሎጋን ጊልበርት፣ ጆርጅ ከርቢ፣ ሉዊስ ካስቲዮ፣ ብራይስ ሚለር፣ ብራያን ዉ። እንዲህ ያለ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ማግኘት ዕድል ነው። ጁን ላይ በምድባችን በ10 ጨዋታ እንመራ ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ወር ቀለጠ። መቺ የለማ! ኦገስት ላይ አሠልጣኙን ስኮት ሰርቪስን አባረሩ። መጨረሻ ላይ 85 አሸንፈን፣ እንደገና በአንድ ጨዋታ ከፕሌይኦፍ ቀረን። ሁለት ዓመት ተከታትሎ በአንድ ጨዋታ! ሱዋሬዝ አሪዞና ላይ መጀመሪያ ግማሽ ሲዝን ያህል ተቸግሮ ነበር፤ ሊያስቀምጡት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ነቃና 30 ሆምረን መትቶ 101 ነጥብ አስገኘ። እኛ ተርድ ቤዝ ላይ ሰው በሰው እየቀያየርን ከረምን።

አንድ ጨዋታ፣ አስተውሉ። አንድ ሰው በ162 ጨዋታ ውስጥ አንድ ድል ብቻ ቢጨምር ኖሮ ገቢዎቹን እንደርስባቸው ነበር። ያ ሰው በየቀኑ የሚመጣ፣ የማይታመም፣ 30 ሆምረን የሚመታ ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ አይከብድም።

ለእውነቱ ግን የዲፖቶንም ወገን ላንሳ። በዚያው የብርድ ወራት ያደረጋቸው ሌሎች ልውውጦች ነበሩ። ሃኒገርን ከሳን ፍራንሲስኮ መልሶ አመጣ። ሆርሄ ፖላንኮን ከሚኒሶታ አመጣ። ሁለቱም በ2024 አላማረባቸውም፤ ሃኒገር እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ሲዝኑ ሳይጀመር ተሰናበተ። ፖላንኮ ግን በ2025 ሌላ ሰው ሆነ። ከዲትሮይት ጋር በነበረው የፕሌይኦፍ አምስተኛ ጨዋታ፣ 15ኛው ኢኒንግ ላይ መትቶ ያሳለፈን እሱ ነው። ቫርጋስም ቢሆን ዋዛ አይደለም። ፍጥነቱ ያስፈራል፤ በ2025 በብዛት ከተጠሩት የቡልፔን ፒቸሮች (ጨዋታ መሀል ገብተው የሚወረውሩ) አንዱ ነበር። ዛቫላ ብዙም አልቆየም። ስለዚህ "ምንም አላገኙም" የሚል ሰው ካለ እሱም አጋኗል።

የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ልውውጥን የምመዝነው በተሰጠውና በተቀበሉት ስም ብቻ አይደለም። የተቆጠበውን ገንዘብ ምን አደረግክበት ነው ጥያቄው። ሱዋሬዝን የሸኘህው ተርድ ቤዝ ላይ የተሻለ ሰው ልታቆም ከሆነ እሺ። ክፍት አድርገህው ልትከርም ከሆነ ግን ለምን? ደመወዙ ተቆጠበ፣ ቦታው ግን ባዶ ቀረ። የባዶ ቦታ ወጪ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ በአንድ ጨዋታ ስትቀር ግን ታየዋለህ።

2025 ላይ ሱዋሬዝ አበደ። ኤፕሪል 26 ቀን በአትላንታ ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ሆምረን መታ። በታሪክ ጥቂት ሰው ብቻ ያደረገው ነገር ነው። አሪዞና ግን ያን ጨዋታ ተሸነፈ፤ 8 ለ 7። ስሰማው ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ጁላይ ሲያልቅ 36 ሆምረን ላይ ደርሷል። የመቀያየሪያው ቀነ ገደብ ሲቃረብ አሪዞና ተስፋ ቆርጦ ሊሸጥ ወጣ። ማሪነርስ ደግሞ አሁንም ተርድ ቤዝ ላይ መቺ ይፈልጋል።

መልሰው አመጡት። ታይለር ሎክሊርን፣ ሀንተር ክራንተንንና ሁዋን ቡርጎስን፣ ሦስት ወጣት ተጫዋቾችን ሰጡበት። ውሉ በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፤ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። እንዲያው አስቡት። የውል ጊዜ ቀርቶት የነበረን ሰው በሁለት ሰው ሰጡ። ውሉ ሊያልቅ ሲል በሦስት ሰው ገዙት። ገበያ የወጣች እናቴ ብታይ ምን እንደምትላቸው አውቃለሁ፤ እዚህ አይጻፍም።

ልጄ አድጋለች፤ ሸሚዙ እንደማይበቃት አወቅን። አዲስ ገዛሁ። ነጋዴው እንኳ ገርሞት "ይሄ ቁጥር ተመለሰ አይደል?" አለኝ።

ጋሼ ግን አልተረቱም። ሱዋሬዝ ከተመለሰ በኋላ ሲያትል ላይ .189 ነው የመታው። 13 ሆምረን አለው፣ ግን ስትራይክአውቱ እንደ ጥንቱ ነው። በየቀኑ ወረፋ ላይ "ያ ሳቂታህ ትናንትም አየር ሲመታ አመሸ" ይሉኛል። ምን ልበል? እውነት ነው። ማሪነርስ ግን 90 አሸንፎ ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ካል ራሊ 60 ሆምረን መታ፤ ካቸር ሆኖ! እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ኦክቶበር 17 ቀን 2025፣ ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ፣ ሲያትል ላይ። ሁለት ለሁለት ነን። ያሸነፈ ለወርልድ ሲሪስ አንድ ይቀረዋል። ሥራ አልወጣሁም፤ ልጄን ይዤ ቤት ነኝ። ሱዋሬዝ ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ፣ ቤዝ ላይ ሰው ሳይኖር፣ ሆምረን መታ። ከዚያ ቶሮንቶ ዞሮ መራ፣ 2 ለ 1። ስምንተኛው ላይ ራሊ አቻ አደረገ። ከዚያ ቤዙ ሦስቱም ሞላ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሱዋሬዝ።

ሲያትል ውስጥ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ እያለ የሚመታ ሆምረን "ግራንድ ሳላሚ" ነው የሚባለው። ዴቭ ኒሃውስ የሚባል ነፍሱን ይማረውና የሬዲዮ ሰው ነበር፣ ያስለመደን እሱ ነው። ሳላሚ የሥጋ ቋሊማ ነውና፣ ዳቦና ሰናፍጩን አውጪ እያለ ነበር የሚጮኸው። እና ሱዋሬዝ ሰርአንቶኒ ዶሚንጌዝ የወረወረውን በቀኝ በኩል አሻግሮ መታው። ግራንድ ሳላሚ! 6 ለ 2። ጋሼ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ጠፍቷል፣ ጮኸው ጮኸው ዘግቷቸዋል። "አንተ! ዓርብ ቀን ሳላሚ አበላን እኮ!" አሉኝ። ጾመኛ ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን እንደገደፉ ነው የምቆጥረው።

ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቶሮንቶ ሄደን ስድስተኛውን ተሸነፍን። ሰባተኛው ላይ እየመራን ጆርጅ ስፕሪንገር ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ የሦስት ነጥብ ሆምረን መታብን። 4 ለ 3። ወርልድ ሲሪስ ለመግባት ስምንት የቶሮንቶ ሰው ማስወጣት ብቻ ቀርቶን ነበር። ያን ሌሊት ሥራ ወጥቼ ተሳፋሪ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር የሚሄደው።

የሱዋሬዝም ውል አለቀ። አሁን ከጋሼ ጋር የምንከራከረው ስለ ድሮው ነው። እሳቸው "ያኔ መሸኘቱ ልክ ነበር፤ መመለሱም ልክ ነበር" ይላሉ። "ጋሼ፣ ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናል?" እላለሁ። "በ2023 ማን ነበር ሻምፒዮን ሊያደርግህ የነበረው?" ይሉኛል። "ሻምፒዮን ማን ጠየቀ፣ አንድ ጨዋታ ነው የጠየቅኩት" እላቸዋለሁ። ከዚያ ቫርጋስን ያመጡብኛል፣ እኔ 1,625ን አመጣባቸዋለሁ፣ እሳቸው .189ን ያነሣሉ፣ እኔ ዓርብን። የወረፋው አስተናጋጅ "ታክሲ ቀጥል!" ብሎ እስኪጮህብን ድረስ።